ቀይ ክር የተሰፋባቸው ካርዶች

የሆስፒታሉ ሰው ሁሉ እታለም ይላታል። በደመወዝ ወረቀቷ ላይ ያለውን ስም ከደመወዝ ከፋዩ በቀር የሚያውቀው የለም፤ እሱም ቢሆን ሲጠራት «እታለም፣ ነይ ፈርሚ» ነው የሚለው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የሠራችው ካርድ ክፍል ነው። ክፍሏ ከልብስ ማጠቢያው ጎን ስለሆነ ግድግዳው ቀኑን ሙሉ ያጉረመርማል። ከወለል እስከ ጣሪያ መደርደሪያ ነው፤ መደርደሪያው ላይ ጠርዛቸው የተበላ የካርቶን ካርዶች ታጭቀዋል፤ ከመስኮቱ ስር አንድ እግሩ ያጠረ ወንበር አለ። ካጠረው እግር ስር ታጥፎ የተወሸቀው የድሮ የስብሰባ ጥሪ ነው። «ከዚያ ስብሰባ ያተረፍነው ይኼን ብቻ ነው» ትላለች፣ እንግዳ ሲቀመጥበት።

ቁጥሩን የረሳ ሰው መስኮቷ ላይ ቢመጣ አትቆጣም። «ቆይ፣ ባለፈው የመጣሽው ያ ሁሉ ዝናብ የጣለ ዕለት አይደል? ትንሿ ልጅሽ ጫማዋ ጠፍቶባት ስታለቅስ?» ትልና መሰላሏ ላይ ወጥታ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ አስነጥሳ፣ ካርዱን ይዛ ትወርዳለች። ኮምፒውተር ይገባል ከተባለ ስድስት ዓመት ሆኖታል። «እስኪገባ እኔ አለሁ» ትላለች።

ከካርዶቹ መሃል ጥጋቸው በቀይ ክር የተሰፉ አሉ። ሦስት አጫጭር ስፌት፣ ከላይ በቀኝ በኩል። ነርሶቹ ያውቁታል፤ አዲስ ሐኪም ሲመጣም በጆሮው ይነገረዋል፤ «ቀይ ክር ያለበትን በሽተኛ ቀስ ብለህ አነጋግር» ተብሎ። ከዚያ በላይ የሚጠይቅ የለም።

ነገሩ የተጀመረው እታለም ሥራ በገባች በሁለተኛው ዓመት ነው። ያኔ በሽተኛው ከሐኪም ዘንድ ሲወጣ ካርዱን በእጁ ይዞ ነበር ወደ ካርድ ክፍል የሚመልሰው። አንዲት ወጣት አስተማሪ እንዲሁ ካርዷን ይዛ ስትመጣ፣ ማንበብ ሥራዋም አመሏም ነውና መንገድ ላይ ገለጠችው። ሐኪሙ በማግስቱ ቤተሰቧን አስጠርቶ ሊነግራት ያሰበውን ቃል ኮሪደር ላይ ብቻዋን አገኘችው። ካንሰር ይላል። ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አለች። እታለም ውሃ በኩባያ ይዛ ስትወጣ ካርዱ ወለሉ ላይ ወድቋል፤ አስተማሪዋ የለችም። ተመልሳም አልመጣች። በጊዜ ቢቆረጥላት የምትድንበት ነበር። ከስምንት ወር በኋላ እታለም ያንን ካርድ በእጇ ወደ ሟቾች መደርደሪያ አዛወረችው።

በዚያ ሳምንት ሽማግሌው ሐኪም ዘንድ ገብታ «ዶክተር፣ ይኼ ቃል ካርድ ላይ አይጻፍ» አለቻቸው።

«ታዲያ የት ልጻፈው ልጄ፣ ግንባሬ ላይ?»

ተመካከሩ። ካርዱ ላይ «ለክትትል» ተብሎ ብቻ ይጻፋል። ከትልቁ ከተማ የሚመጣውን የናሙና ውጤት ሐኪሙ አይቶ ለእታለም ይሰጣታል፤ እሷ ደግሞ ወረቀቱን አጥፋ በካርዱ ድርብ ሽፋን መሃል ትከተውና ጥጉን በክር ትዘጋዋለች። ቀይ ክሩን የምታመጣው ከባሏ ሱቅ ነው፤ ባሏ ልብስ ሰፊ ነው። ሽማግሌው ሐኪም ጡረታ ወጡ፣ ሌሎች ተተኩ፣ እነሱም ተዛወሩ። ውጤት የፈለገ ሐኪም ሲጠይቃት ከየት እንዳወጣችው ሳታሳይ ታመጣለታለች፤ መልሳም ትሰፋለች። እንዲህ እንዲህ እያለ ወረቀቶቹ የት እንዳሉ የምታውቀው እሷ ብቻ ሆነች።

በዚህ ዓመት አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ለካንሰር ጥናት እርዳታ ይዞ መጣ። እርዳታው ለአንድ ሆስፒታል አይደለም፤ በአካባቢው ያሉ የአራት ከተማ ሆስፒታሎች ካርዳቸውን አንድ ላይ አድርገው አብረው እንዲያጠኑበት ነው። አስተባባሪዋ መነጽሯን በአንገቷ ያንጠለጠለች፣ ፈጣን ተናጋሪ ሴት ናት። ሠራተኛው ተሰብስቦ ነገረችው።

«አንድ ከተማ ለብቻው ቢቆጥር የሚያገኘው የራሱን ለቅሶ ነው። አራቱ አብረው ሲቆጥሩ ግን በሽታው የት ሰፈር እንደሚበዛ፣ የቱ ጋ ፈጥነን ብንደርስ እንደምንቀድመው ይታያል። ገንዘቡ ዘመዳቸውን በዚህ በሽታ ያጡ ሰዎች ከኪሳቸው ያዋጡት ስለሆነ በግምት አንሠራበትም። እያንዳንዱ ሆስፒታል በናሙና የተረጋገጠ ቢያንስ ሁለት መቶ በሽተኛ ማሳየት አለበት።»

ያሳየ ሆስፒታል በወር ሁለት ጊዜ የናሙና መርማሪ ሐኪም ይመጣለታል፤ ማይክሮስኮፕና ትንሽ ላቦራቶሪም ይቆምለታል። እስካሁን ከበሽተኛ የተቆረጠች ቅንጣት ሥጋ በብልቃጥ ሆና በአውቶቡስ ትልቁ ከተማ ትሄዳለች፤ ውጤቱ ሁለት ወር፣ ሦስት ወር ይቆያል። ወረቀቱ ሲደርስ ባለቤቱ የማይደርስበት ጊዜ ብዙ ነው።

አስተባባሪዋ ካርድ ክፍል ገብታ እግሩ ባጠረው ወንበር ላይ ሦስት ቀን ተቀመጠች። በሦስተኛው ቀን ላፕቶፗን ዘጋችው።

«አሥራ ዘጠኝ» አለች። «በአሥር ዓመት አሥራ ዘጠኝ ሰው ብቻ። እንግዲህ ከተማችሁ ታድላለች ማለት ነው።»

በር ላይ የቆመው ወጣቱ ሐኪም ሳቀ፤ ደስ ብሎት ግን አይደለም። «እኔ ከመጣሁ አምስት ወሬ ነው፣ በዓይኔ ያየሁት ብቻ ከአሥራ ዘጠኝ ይበልጣል» አለ።

«ወረቀቱን ስጡኝ እንጂ ዓይንዎን ቅጽ ላይ አልሞላው።»

«ወረቀቱማ...» ብሎ ሐኪሙ እታለምን አያት። እታለም መሰላሉን ከዚህ ወደዚያ አዛወረች፣ ደግሞ ወደነበረበት መለሰችው።

«የዛሬ ሳምንት ሪፖርት አደርጋለሁ» አለች አስተባባሪዋ። «በሦስቱ ከተሞች እንጀምራለን።»

ያን ዕለት ማታ እታለም ወደ ቤት ስትሄድ በባሏ ሱቅ በኩል አለፈች። ልብስ ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ የአንድ ወፍራም ሰውዬ ሱሪ ያሰፋ ነበር። «ይኼ ሰው በየዓመቱ ሁለት ጣት ይጨምራል፤ እኔም በሱ ሆድ እኖራለሁ» አላት። አልሳቀችም። የስፌት መኪናውን አቆመና አያት።

ነገረችው። ውጤት ደብቆ መያዝ ከሥራ እንደሚያስባርር፣ ጡረታዋ አንድ ዓመት እንደቀረው፣ ካልተናገረች ደግሞ ሆስፒታሉ ከጥናቱ እንደሚወጣ፣ አንዱንም ሳታስቀር ነገረችው።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» አለ።

«እሱ ለበሽተኛ የተባለ ነው።»

«አንቺስ ጤነኛ ነሽ? የቤቴን ቀይ ክር ሙልጭ አድርገሽ የጨረስሽ ሴት!»

«አትቀልድ እስቲ። ለበሽተኞቹ በልቤ የገባሁት ቃልስ? እንዳያዩት ብዬ አይደል የሰፋሁት?»

ልብስ ሰፊው ክሩን በጥርሱ በጠሰ። የሆነ ነገር ሊል አስቦ የተወው መሰላት፤ ግን አልጠየቀችውም።

በማግስቱ ጠዋት መስኮቷ ላይ አንዲት እናት መጣች። ልጇ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ አንገቷ ላይ ከወጣባት እብጠት ናሙና ተወስዶ ከተላከ ሦስተኛ ወሩን ይዟል። እናትየው በየሳምንቱ ሰኞ ትመጣለች።

«አልመጣም አይደል?»

«አልመጣም እህቴ» አለች እታለም።

«እንግዲህ አውቶቡሱ መንገድ ጠፍቶት ይሆናላ» አለች ሴትየዋ፣ እንደመሳቅ ብላ። ከኋላዋ ልጅቷ ሻሿን አንገቷ ላይ ጠምጥማ ግድግዳ ተደግፋለች። እታለም ልጅቷን አየች፤ አንጀቷን በላት። እነሱ ሲሄዱ መስኮቱን ዘጋች፣ ከመደርደሪያው አንድ ካርድ ሳበች፣ መቀስ ያዘችና አስተባባሪዋ ያረፈችበት የዳይሬክተሩ ቢሮ ገባች። ዳይሬክተሩም ነበር። አልተቀመጠችም፤ ቆማ ሦስቱን ስፌት ቀጭ ቀጭ አድርጋ ቆረጠችና ከሽፋኑ መሃል የታጠፈውን ወረቀት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

አስተባባሪዋ መነጽሯን አደረገች። አነበበች። መነጽሯን አወለቀች።

«እንዲህ ያለ ስንት አለ?»

«የአሥር ዓመቱ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት።»

«ቆጥረዋቸዋል?»

«ሰፍቻቸዋለሁ እኮ።»

ዳይሬክተሩ ደሙ ፈላ። «እታለም! ይኼ ሆስፒታል ነው ወይስ የልብስ ስፌት ቤት?» አለ። ከዚያ ስለ ደንብ፣ ስለ ቅጣት፣ ስለ ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ብዙ ተናገረ። እታለም አንገቷን ደፍታ ሰማችው። ሲጨርስ አስተባባሪዋ ቀስ ብላ ገባችበት።

«ቅጣቱን እርስዎ ያውቃሉ፤ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በሽታውን የማያውቅ ሰው ጥናት ውስጥ አይገባም። በሕይወት ያለው ራሱ፣ የሞተ ከሆነም ቤተሰቡ፣ ነገሩ በስሙ ተነግሮት መፈረም አለበት። ሪፖርቱን ሁለት ሳምንት አዘገየዋለሁ።» ወደ እታለም ዞረች። «ሐኪም አብሮ ይሄዳል። ግን ሰዎቹ የሚያምኑት እርስዎን ይመስለኛል።»

እታለም ሃያ አራት ዓመት የሸሸገችውን ቃል በየሰው በር ላይ ቆማ እንድትናገር መሆኑ ገባት። ከካርዶቹ ሁሉ ይኼ ከበዳት።

መጀመሪያ የሄዱት ዳቦ ጋጋሪው ቤት ነው። ሽማግሌ ነው፣ ሆዱን ከተቀደደ አራት ዓመቱ፤ አሁንም ጎህ ሲቀድ ምድጃው ፊት ነው። ወጣቱ ሐኪም ጉሮሮውን ጠረገ። እታለም ቀደመችው።

«ጋሼ፣ አንድ የደበቅሁዎት ነገር አለ። ያኔ የተቀደዱት... በሽታው... ካንሰር ነበር።»

ዳቦ ጋጋሪው ዱቄት የነካ እጁን በሽርጡ ጠረገ። ሚስቱን አያት፤ ሚስቱም እሱን አየችው።

«አዎ» አለ።

«ያውቁ ነበር?»

«እታለም ሙች፣ ክሩን እኮ በመጀመሪያው ቀን ነው ያየሁት! ሆስፒታሉ በር ላይ ያለ ሊስትሮ ሳይቀር ያውቃል። 'እገሌ ክር ገባበት' ይባላል እኮ በሰፈሩ። ፀሐይ የሞቀው፣ አገር ያወቀው ነው።»

«ታዲያ ምነው ዝም አላችሁኝ?»

ሚስትየዋ መለሰች። «አንቺ እንዳናይ ያን ያህል ስትለፊ እንዴት አየን እንበልሽ? ካርዱን ስትሰጪን ጥጉን በአውራ ጣትሽ ትሸፍኚዋለሽ። እኛም ወደ ሌላ እናያለን። እንዳይከፋሽ ነዋ።»

እታለም አፏን ይዛ ዳቦ መደርደሪያው ጥግ ቁጭ አለች። ሳቅ ነው ለቅሶ የመጣባት፣ እሷም አላወቀችውም። ዳቦ ጋጋሪው ፈረመና አንድ ትኩስ ዳቦ እጇ ላይ አስቀመጠላት።

በሚቀጥሉት ቀናት ብዙው እንዲሁ ሆነ። ብዙው እንጂ ሁሉም አይደለም። የፎቶ ቤቱ ባለቤት ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ሚስቱ ፎቶ ቤቱን ብቻዋን ትሠራለች። ከሌላ አገር የመጣች ስለሆነች የክሩን ወሬ የነገራት አልነበረም። ቃሉን ስትሰማ የያዘችውን ካሜራ ጠረጴዛው ላይ በጥንቃቄ አስቀመጠች።

«ጨጓራ ነው ብላችሁኝ ነበር» አለች። «ይሻለዋል እያልኩ በዚያ በመጨረሻው ዓመት ለሠርግ ፎቶ ከከተማ ከተማ እልከው ነበር። ባውቅ ኖሮ ቤቱን ዘግቼ አጠገቡ እቀመጥ ነበር። አንቺ ማን ሆነሽ ነው ያንን ዓመት የወሰድሽብኝ?»

ሐኪሙ ሊናገር አፉን ሲከፍት እታለም እጁን ያዘችው።

«እውነትሽን ነው» አለች።

ሴትየዋ እስክሪብቶውን ተቀበለች። «እፈርማለሁ። ላንቺ ብዬ ግን አይደለም።»

በመንገድ ላይ ሐኪሙ «አይዞሽ እታለም፣ አስበሽ ያደረግሽው ለደግ ነው» አላት።

«ለደግ ነው ያደረግሁት» አለች እታለም። «አልጠየቅኳትም ግን።»

የቀጠሮው ቀን ዋዜማ፣ ነርሶቹም ሐኪሙም ከተማውን አዳርሰው፣ የተሰደዱትን በስልክ ፈልገው፣ እምቢ ያሉትን በክብር ትተው፣ ሁለት መቶ አርባ ስምንት ፊርማ ተሰበሰበ። አስተባባሪዋ ዝርዝሩን ስታመሳክር ቆየችና ቀና አለች።

«ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ካርድ ነው ያሉኝ። ፈቀዱም አልፈቀዱም የሁሉም ካርድ እዚህ መኖር አለበት። እኔ ሦስት መቶ አሥራ አንድ ነው ያገኘሁት።»

«አንዱ ነገ ይመጣል» አለች እታለም። አንዱ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር።

ወደ ባሏ ሱቅ ስትገባ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ልብስ ሰፊው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መርፌ ይፈልጋል። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ የደንበኛ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ከየት እንደምትጀምር ጠፋት። ከሁለት ዓመት በፊት ባሏ ከአንገቱ ላይ ትንሽ እብጠት አስቆርጦ ነበር። እባጭ ነው ተብሎ ተነገረው። ከዚያ ወዲህ በየስድስት ወሩ «ደም ግፊትህን ተለካ» እያለች ትወስደዋለች።

«ያገሩን ሰው ሁሉ አዳረስሽ» አለ፣ ወደሷ ሳያይ። «የኔን መቼ ልታመጪው ነው?»

«ምኑን?» አለች።

«ካርዴን ነዋ! አንቺ ሴት፣ ደም ግፊት አንገት በመዳበስ የሚለካው የት አገር ነው?»

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅኸው?»

«ሐኪሙ ካርዱን ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጥ። ክሩ የኔ ነው፤ ሳልሸጠው ከሱቄ የወጣ ክር አላውቅም ብለሽ ነው?» እጁን ዘረጋ። ካርዱን አውጥታ ሰጠችው። ወደ ብርሃኑ አስጠግቶ የሰው ሥራ እንደሚመረምር ባለሙያ አየው። «የሌሎቹን ስትሰፊ እጅሽ ቀጥ ያለ ነው፤ አይቻለሁ። ይቺ ግን ተጣማለች። አንዷ ስፌት ረዝማ፣ አንዷ አጥራ። እጅሽ ተንቀጥቅጦ ነበር።»

እታለም የተጣመመችውን ስፌት በጣቷ ዳሰሰች።

«ያቺን ስፌት ባየሁ ጊዜ ነው ዝም ለማለት የቆረጥሁት» አለ ልብስ ሰፊው። «አንቺ እኔ እንዳልፈራ ትጠብቂኝ ነበር። እኔ ደግሞ አወቀ ብለሽ እንዳትፈሪ እጠብቅሽ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ሁለታችንም ዘበኛ ሆነን፣ አንዳችንም ሳንተኛ!»

ከመሳቢያው ምላጩን አወጣ። «ነይ እይ፤ አንቺ በመቀስ ትቀጫለሽ አሉ። ስፌት ሲተረተር ከስር ገብተሽ ነው፤ አይጎተትም» አለና ሦስቱን ስፌት ካርቶኑን ሳይጭር አንድ በአንድ ፈታ። ወረቀቱን ዘርግቶ መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ። ጮክ ብሎ አነበበው፤ ያችንም ቃል ጭምር። ከስሩ ሐኪሙ «ሙሉ በሙሉ ተቆርጦ ወጥቷል፤ ክትትል ያስፈልገዋል» ብሎ ጽፏል።

«ይኸው ነው?» አለ። «እኔ እኮ ረዘም ያለ ነገር መስሎኝ ነበር።»

እታለም ሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ እንባ ሆነ። ባሏ የልብስ ጠመኔውን ወደ ጎን ገፋ አድርጎ ቅጹን ፊቱ ባለው የሱሪ ጨርቅ ላይ ዘረጋና ፈረመ። «ጥናቱ ልብስ ሰፊ ያንሰው ነበር» አለ።

በማግስቱ አራተኛው ሆስፒታል ጥናቱ ውስጥ ገባ። እታለም ከሥራ አልተባረረችም፤ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ግን ደረሳት። አንዱን ቅጂ የግል ፋይሏ ውስጥ ራሷ አስገባች፤ ማኅተሙ ተጣሞ ስለነበር ዳይሬክተሩ ዘንድ ተመልሳ አስተካክላ አስመታች። በሁለተኛው ወር ማይክሮስኮፑ መጣ። ሻሽ የጠመጠመችው ልጅ እንደገና ናሙና ሰጥታ ውጤቷ ከአውቶቡሱ ቀድሞ በአራት ቀን እዚሁ ታወቀ፤ ካንሰር አልነበረም። ከሷ ቀጥሎ የተመረመሩት አናጢ ግን ነበረባቸው።

አሁን ካርድ ላይ ክር አይሰፋም። በምትኩ ናሙና የሰጠ ሁሉ መስኮቱ ጋ ሲመጣ እታለም ሁለት ነገር ትጠይቃለች፤ መልሱን በካርዱ ላይ ትጽፋለች። ውጤትህን ማን ይንገርህ? ሲነገርህ ማን አብሮህ ይሁን? አናጢው «እራሴ ልስማው፣ ልጄ ግን አጠገቤ ይሁን» ብለው ነበር። በቀኑ አባትና ልጅ መጡ። እታለም ወንበሯን ከካርድ ክፍሉ አውጥታ ሐኪሙ ክፍል ውስጥ አስገባችላቸው። አናጢው ከመቀመጣቸው በፊት እንደ ሙያቸው ወደ እግሩ አጎነበሱ።

«ይኼ ወንበር አንድ እግሩ አጭር ነው።»

«ይቀመጡበት ጋሼ፣ አይነቃነቅም» አለች እታለም። «ጠንካራ ወረቀት አድርጌበታለሁ።»

ከስሩ በአራት የታጠፈው የማስጠንቀቂያው ሁለተኛ ቅጂ ነበር። አናጢው ተቀመጡ፤ ልጃቸው እጃቸውን ያዘ፤ እታለም በሩን ቀስ አድርጋ ዘግታላቸው ውሃ ልትቀዳ ሄደች።